ጤፍ፣ ሆላንዶችና ያልጻፍነው ነገር

«ሆላንዶች ጤፋችንን ሰረቁን» ሲባል ያልሰማ የአዲስ አበባ ልጅ ያለ አይመስለንም። ታክሲ ውስጥ ሰምተነዋል፤ ካፌ ቁጭ ብለን ማኪያቷችን እስኪቀዘቅዝ ተከራክረንበታል፤ ፌስቡክ ላይ እያጋራን ተሳድበንበታል። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን፣ ከተሳዳቢዎቹ መካከል ያንን የፓተንት ወረቀት ከፍቶ ያነበበ ሰው ጥቂት ነው። እኛም ለዓመታት አላነበብነውም ነበር። ቁጥሩ ኢፒ 1646287 ነው፤ ርእሱ ደግሞ «የጤፍ ዱቄት ማቀነባበር» እንደማለት ነው። ዘግይተንም ቢሆን አነበብነው። ያነበብነው ነገር ደግሞ ስንጮህበት ከኖርነው ጋር አልገጠመም።

ቁጣችን መሠረት አልነበረውም አንልም። ነበረው። ነገር ግን የተቆጣነው «ዘሩን ወሰዱብን» ብለን ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ግን ስለ ዘር ሳይሆን ስለ ዱቄት ነው። ይህች ልዩነት ትንሽ ትመስላለች። ታሪኩን ስንከተለው ግን ነገሩ ሁሉ ያለው እሷው ውስጥ ሆኖ አገኘነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ካልተጠቀሰ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተከፈተው ደብዳቤ

ለመሆኑ ፓተንት ምንድን ነው? ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «የተከፈተ» ማለት ነው። በድሮ ዘመን የአውሮፓ ነገሥታት ለአንድ ሰው መብት ሲሰጡ ማንም እንዲያነበው ሳይታሸግ የሚወጣ ደብዳቤ ይጽፉለት ነበር፤ የተከፈተ ደብዳቤ። በ1474 የቬኒስ ከተማ ነገሩን ሕግ አደረገችው፤ አዲስ መሣሪያ ሠርቶ ለከተማዋ ያሳወቀ ሰው ለ10 ዓመት ሌላ ሰው እንዳይሠራበት ይከለከልለታል።

እንግዲህ ፓተንት ሽልማት አይደለም። ንግድ ነው። ፈጣሪው ምስጢሩን ለሕዝብ ይገልጣል፤ መንግሥት በምትኩ ለተወሰነ ጊዜ ብቻውን እንዲጠቀምበት ይፈቅድለታል። ዛሬ በአብዛኛው ዓለም ጊዜው ማመልከቻው ከገባበት ቀን የሚቆጠር 20 ዓመት ነው። ያ ሲያልቅ ነገሩ የሁሉም ይሆናል።

ንግዱ ፍትሐዊ እንዲሆን ሦስት ነገሮች ይጠየቃሉ። ነገሩ አዲስ መሆን አለበት። በኢንዱስትሪ ሥራ ላይ የሚውል መሆን አለበት። ሦስተኛው፣ ከሁሉም አስቸጋሪው፣ ፈጠራዊ ብቃት የሚባለው ነው፤ በሙያው ያለ ሰው ዝም ብሎ ቢያስበው የሚደርስበት ነገር ከሆነ ፓተንት አይገባውም። ሁሉም የሚያውቀውን ነገር አምጥቶ «ገለጥኩላችሁ» ማለት አይቻልም። ያልነበረህን መሸጥ ይሆናላ!

ወረቀቱ ምን ይላል?

ታሪኩ የሚጀምረው በ2003 ነው። በዚያ ዓመት የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ተቋምና የሆላንድ ወገኖች መግባቢያ ሰነድ ተፈራረሙ። ለምርምርም 1,440 ኪሎ ግራም ያህል የጤፍ ዘር ወደ ሆላንድ ተላከ። አውሮፓ ውስጥ ስንዴ የማይስማማቸው፣ ግሉተን የሚያሳምማቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ጤፍ ግሉተን የለውም። ገበያው ከሩቁ ይታያል።

በዚያው ዓመት በጁላይ ወር የሆላንዱ ወገን አገሩ ውስጥ የፓተንት ማመልከቻ አስገባ። በዓመቱ ደግሞ ለአውሮፓ ፓተንት ቢሮ አቀረበ። ፈጣሪ ተብሎ የተመዘገበው የኩባንያው ኃላፊ ያንስ ሮስየን ነው። ቢሮው ጉዳዩን መርምሮ ጃንዋሪ 10 ቀን 2007 ፓተንቱን ሰጠ።

የፓተንት ወረቀት ረጅም ነው፤ ሥዕልና ሠንጠረዥ ይበዛበታል። ሕጋዊ ጉልበት ያለው ግን መጨረሻ ላይ በተራ ቁጥር የተዘረዘረው ክፍል፣ ማለትም መብት የሚጠየቅባቸው ነጥቦች ናቸው። የመጀመሪያው ነጥብ፣ በእኛ አማርኛ ሲጠቃለል፣ እንዲህ ነው፦ የጤፍ ዱቄት ሆኖ፣ እህሉ በሚፈጭበት ሰዓት «የመውደቂያ ቁጥሩ» ቢያንስ 250 የሆነ፤ 300 ቢሆን የሚመረጥ፤ ከዚያ በላይ ቢሆን ደግሞ የበለጠ።

በቃ። ፓተንት የወጣለት ጤፍ አይደለም። የዘሩ ባሕርይም አይደለም። ቁጥር ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ነጥቦች በዚህ ቁጥር ላይ ይንጠላጠላሉ። ያንን ዱቄት ከሌላ ዱቄት ጋር መቀላቀል፣ በዱቄቱ ምግብ መሥራት። አንደኛው ነጥብማ የመጋገር ዘዴ ነው፦ ዱቄቱን ከፈሳሽ ጋር ማዋሐድ፣ ካስፈለገ የሚያነሣ ነገር መጨመር፣ ቅርጽ ማስያዝ፣ ከዚያ ለተወሰነ ጊዜ ማሞቅ። ይህንን ስናነብ እርስ በርስ ተያየን። ይሄ እኮ ዳቦ ነው!

ጠላ የጠመቀች ሴት የምታውቀው ነገር

«የመውደቂያ ቁጥር» ያልነው ነገር ምንድን ነው? ስዊድናዊው ስቬን ሀግበርግ በ1960 አካባቢ የቀመረው መለኪያ ነው፤ ዛሬ በመላው ዓለም የዱቄት ፋብሪካዎች ይሠሩበታል። አሠራሩ ቀላል ነው። 7 ግራም ዱቄትና 25 ሚሊ ሊትር ውኃ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ይበጠበጣል። ቱቦው የፈላ ውኃ ውስጥ ይገባና ይማሰላል። 60 ሰከንድ ሲሞላ ማማሰያው ከላይ ይለቀቃል፤ በራሱ ክብደት ቱቦው ውስጥ ወዳለው ገንፎ እየሰመጠ ይወርዳል። ታች እስኪደርስ የፈጀው ጊዜ በሰከንድ ተቆጥሮ፣ የመጀመሪያውን 60 ሰከንድ ጨምሮ፣ የመውደቂያ ቁጥር ይባላል። ገንፎው ጠንከር ያለ ከሆነ ማማሰያው እየተንቀራፈፈ ይወርዳል፤ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ገንፎው የቀጠነ ከሆነ ዘጭ ይላል፤ ቁጥሩ ዝቅ ይላል።

ገንፎውን የሚያቀጥነው ምንድን ነው? እዚህ ጋ ወደ ጠላ ጠማቂዋ እንሂድ። እህል እርጥበት ሲያገኝና ሊበቅል ሲነሣ፣ አሚሌዝ የሚባል ኤንዛይም በውስጡ ያለውን ስታርች እየቆራረጠ ወደ ስኳር መለወጥ ይጀምራል። ጠላ ጠማቂዋ ገብሱን አርሳ ብቅል የምታደርገው ለዚሁ ነው፤ ስሙን አታውቀውም እንጂ ሥራውን ታውቀዋለች። ለጠላ የሚበጀው ነገር ግን ለዳቦ አይበጅም፤ ኤንዛይሙ የበዛበት ዱቄት ሊጡን ያልፈሰፍሰዋል። እንግዲህ ከፍተኛ ቁጥር ማለት በአጭሩ «እህሉ ረግቷል፣ ደርቋል፣ አርፏል» ማለት ነው።

ወረቀቱ ቁጥሩን ከፍ የሚያደርገውንም ዘዴ ይነግረናል፦ እህሉ እንደታጨደ ወዲያው አይፈጭ፤ ለሳምንታት ይቆይ።

ይህንን ለአንዳችን እናት፣ ሁላችንም እማማ ለምንላቸው፣ አነበብንላቸው። ቡና እያቀረቡልን ነበር። ጀበናውን እንደያዙ ቀና ብለው አዩን።

«ታዲያ ትኩስ እህል ማን ያስፈጫል?» አሉ።

«እሱን ነው እማማ፤ ፓተንት ያወጡበት» አልናቸው።

«ጤፍ እኮ ታጭዶ ይከመራል። ክምሩ ይከርማል። ኋላ ይወቃል። ከዚያ ጎተራ ይገባል። ይህንን ለመናገር ነው ወረቀት የተጻፈው?»

እማማ ገበሬ ቤት ነው ያደጉት። የተናገሩት ደግሞ በደጋው ጤፍ አምራች አገር ሁሉ የሚታይ ነገር ነው። ጤፍ ኅዳርና ታኅሣሥ ይታጨዳል፤ ነዶው ይከመራል፤ ገበሬው ሌላውን አዝመራ ሰብስቦ ፋታ ሲያገኝ አውድማ ለቅልቆ ይወቃዋል። ጎተራ ከገባ በኋላም ጤፍ ነቀዝ ስለማይደፍረው ዓመት፣ ሁለት ዓመት ሳይበላሽ ይቀመጣል። ሆላንዶቹ «ለሳምንታት ይቆይ» ያሉትን ነገር የእኛ ገበሬ ሳይቆጥር ሲያደርገው ኖሯል።

ከዚያ ግን ከመካከላችን አንዱ ጠየቀ፤ «እሺ እማማ፣ ይሄ የት ተጽፏል?»

እማማ ዝም አሉ። እኛም ዝም አልን።

ዘሩን ጠበቅን፣ ዱቄቱ አመለጠ

በኤፕሪል 2005 የኢትዮጵያ የብዝኀ ሕይወት ተቋም፣ የግብርና ምርምሩ ድርጅትና ኩባንያው ለ10 ዓመት የሚቆይ ውል ተፈራረሙ። በጊዜው ውሉ ተጨብጭቦለት ነበር፤ የዓለም የብዝኀ ሕይወት ስምምነት ያለመውን «የጥቅም መጋራት» በተግባር ያዋለ ምሳሌ ነው ተባለለት። ስናየው በእርግጥም መጥፎ ውል አይመስልም። ጤፍ የኢትዮጵያ መሆኑን ይመሰክራል። ኩባንያው በጤፍ የዘር ሀብት ላይ የአእምሯዊ ንብረት መብት እንዳይጠይቅ ይከለክላል። ከዘር ሽያጭ ትርፍ ለኢትዮጵያ ድርሻ ይደርሳታል። ጤፍ አምራች ገበሬዎችን ለሚረዳ ፈንድም ከኩባንያው የተጣራ ትርፍ 5 ከመቶ፣ ቢያንስ ደግሞ በዓመት 20,000 ዩሮ፣ ይገባል።

ችግሩ የት ነው? ውሉ ሲፈረም የዱቄቱ ማመልከቻ ከገባ ሁለት ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። እኛ በበሩ ዘብ ቆመን ዘሩን ስንጠብቅ፣ ዱቄቱ በጓሮ በኩል ወጥቶ ነበር። ዘርን መከልከል ይቻላል፤ ጆንያ ነው፣ ይታያል፣ ይመዘናል። አሠራርን ግን በኬላ ፈትሾ መያዝ አይቻልም።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ያሳዝናል። ኩባንያው በኦገስት 2009 ከሰረ። ጉዳዩን ያጠኑት የኖርዌይ የፍሪትዮፍ ናንሰን ተቋም ተመራማሪዎች እንደጻፉት፣ ኢትዮጵያ ከዚያ ሁሉ ውል በገንዘብ ያገኘችው 4,000 ዩሮ ገደማ ነው፤ በዚያ ላይ ሳያልቅ የተቋረጠ አንድ ትንሽ የምርምር ሥራ። ውሉ ከከሰረው ኩባንያ ጋር ሞተ። ፓተንቱ ግን አልሞተም፤ ኤንሸንትግሬን በሚባል ሌላ ኩባንያ እጅ ገባ። ከኤንሸንትግሬን ጋር ደግሞ ኢትዮጵያ የፈረመችው ምንም ነገር የለም።

አንድ የሚያስቆጭ ነገር እንጨምር። የአውሮፓ ሕግ ፓተንት ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ለ9 ወር በር ይከፍታል፤ በዚያ ጊዜ ማንም፣ ከየትኛውም አገር፣ «ይህ አዲስ አይደለም» ብሎ መቃወሚያ ማስገባት ይችላል። የጤፉ ፓተንት በር የተከፈተው ከጃንዋሪ እስከ ኦክቶበር 2007 ነበር። ያ ማለት አዲስ አበባ በሙሉ ሚሌኒየም ሚሌኒየም ስትል የከረመችበት ጊዜ ነው። እኛ የ2000 ዓ.ም. አዲስ ዓመትን በርችት ስንቀበል፣ በሩ ሊዘጋ የቀረው ወር እንኳ አይሞላም ነበር። ያም ቀን አለፈ። በሩም ተዘጋ፤ ፓተንቱም እንደቆመ ቀረ።

ፓተንቱን ማን ጣለው?

እኛ አይደለንም።

ኤንሸንትግሬን ባኬልስ ሲኒየር የተባለውን የሆላንድ የመጋገሪያ ግብአት አቅራቢ «ፓተንቴን ጥሰህ የጤፍ ምርት ሸጠሃል» ብሎ ከሰሰው። ባኬልስ እንደ እኛ አልጮኸም። ጠበቃ ቀጠረና ቀላሏን ጥያቄ ጠየቀ፦ ለመሆኑ እዚህ ውስጥ ፈጠራው ምኑ ነው? የሄግ ፍርድ ቤት ኖቬምበር 21 ቀን 2018 ውሳኔውን ሰጠ፤ ፈጠራዊ ብቃት የለውም፣ በሆላንድ ውስጥ ውድቅ ነው። ይግባኝ የጠየቀ አልነበረም። ዜናው አዲስ አበባ ደርሶ ያስጨፈረን በፌብሯሪ 2019 ነው።

ጭፈራው ይገባን ነበር? በከፊል። ፍርዱ የሠራው በሆላንድ ብቻ ነው፤ ፓተንቱ ጸንቶባቸው የነበሩትን ሌሎች የአውሮፓ አገሮች አይመለከትም። በእነሱም ቢሆን የ20 ዓመቱ ጣሪያ በ2024 ሞልቷል። እንግዲህ ወረቀቱ ዛሬ ታሪክ ነው። ታሪኩ ግን እንዲህ ይላል፦ የሆላንድን ፓተንት የጣለው የሆላንድ ነጋዴ ነው፤ የጣለውም ለኢትዮጵያ ብሎ ሳይሆን ለገበያው ብሎ ነው። የእኛ ቁጣ በዚያ ችሎት ምስክር ሆኖ አልቆመም።

ለሚዛን ያህል ይህንንም እንበል። ሆላንዶቹ ምንም አልሠሩም ማለት ሐሰት ነው። ጤፍን በባዕድ አፈር አብቅለዋል፤ አውሮፓዊ ሸማች ዘንድ አድርሰዋል። ለፋብሪካ ደግሞ ዛሬ የገባው ዱቄት ከነገው ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ይህንን በቁጥር መለካት ቁም ነገር ነው። የእኛ ጋጋሪዎች በእጃቸው ዳሰው የሚያውቁትን ነገር እነሱ በሰከንድ ለኩት። ግን መለካት አንድ ነገር ነው፤ መፍጠር ሌላ ነው። የሰው ቁመት የለካ ሰው የሰውየው ባለቤት አይሆንም።

የእርዱ ነገር

ይህ ጣጣ የገጠመን እኛን ብቻ አይደለም። በ1995 የአሜሪካ ፓተንት ቢሮ ቁስልን በእርድ ለማዳን ፓተንት ሰጠ፤ ተቀባዩ የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማእከል ነበር። ሕንድ ውስጥ ቁስል ላይ እርድ መነስነስ ሕፃን የሚያውቀው ነገር ነው። ግን የዚያን ጊዜው የአሜሪካ ሕግ፣ እስከ 2013 የሠራው፣ አንድ ክፉ ዐንቀጽ ነበረው፦ በውጭ አገር የሚታወቅ ነገር «ቀድሞ ነበረ» ተብሎ የሚቆጠረው ታትሞ ወይም በፓተንት ተመዝግቦ ከተገኘ ብቻ ነው። አንድ ቢሊዮን ሕንዳዊ ተሰብስቦ ቢምል ዋጋ የለውም። ወረቀት አምጣ ነው የሚባለው።

ሕንዶች ወረቀት አመጡ። የአገሪቱ የሳይንስና ኢንዱስትሪ ምርምር ምክር ቤት የጥንት የሳንስክሪት ጽሑፍ፣ በ1953 በሕንድ የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናትና ሌላም ሌላም ሰብስቦ አቀረበ። በ1997 ፓተንቱ ተሰረዘ።

ሕንዶች ከዚያ ወዲህ «አሸነፍን» ብለው አልተኙም። በ2001 የባህላዊ እውቀት ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ጀመሩ። የጥንት የመድኃኒት መጻሕፍታቸውን እየፈቱ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በጀርመንኛ፣ በስፓኒሽና በጃፓንኛ አስቀመጡ፤ ከ2009 ጀምሮ የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ መርማሪዎች እንዲያዩት ፈቀዱ። መርማሪው ማመልከቻ ሲመጣለት መጀመሪያ እሱን ይፈትሻል። ቁጣ ሳያስፈልግ፣ ክስ ሳያስፈልግ፣ ነገሩ በር ላይ ይመለሳል።

የአውሮፓ ሕግ ከድሮው የአሜሪካ ሕግ ይሻላል። በቃል የተነገረንም፣ በሥራ የዋለንም እንደ ቀዳሚ እውቀት ይቀበላል፤ የትም አገር ይሁን። ግን ማስረጃ የሚያቀርብ ሰው ይፈልጋል። ሙኒክ ቢሮው ውስጥ የተቀመጠ መርማሪ የእማማን ክምር አያይም። እሱ የሚያየው በኮምፒውተሩ ፈልጎ ያገኘውን ነው። ስለ ጤፍ ማሳረፍ ፈልጎ ካላገኘ፣ ለእሱ ነገሩ የለም።

እንግዲህ ምን እንበል?

እኛ በጽሑፍ የምንኮራ ሕዝብ ነን። ብራናችን፣ ፊደላችን፣ ታሪከ ነገሥታችን፤ ቱሪስት ሲመጣ የምናሳየው እነሱን ነው። ግን የጻፍነው ምን ነበር? ስለ ንጉሥና ስለ ጻድቅ ጻፍን። ጤፍ ስንት ሳምንት ተከምሮ እንደሚቆይ፣ እርሾ እንዴት እንደሚያዝ፣ አብሲት ለምን እንደሚጣል፣ ምጣድ በምን እንደሚሰሰል መጻፍ ግን ለደብተራም፣ ለምሁርም የሚገባ ሥራ አልመሰለንም። የሴት ሥራ፣ የገበሬ ሥራ ብለን ተውነው። ንቀታችን ነው ወረቀቱን ባዶ ያስቀረው። ባዶ ወረቀት ደግሞ ጸሐፊ አያጣም።

ሕጉ የለም እንዳይባል አለ። በ1995 የወጣው የፈጠራ አዋጅ፣ አዋጅ ቁጥር 123፣ ለፈጠራ የ15 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፤ ሲሠራበት ከታየ 5 ዓመት ይጨመርለታል። ለአነስተኛ ፈጠራም የራሱ ማረጋገጫ አለው። የአእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤቱም በ2003 ተቋቁሟል፤ የጤፉ ማመልከቻ ሆላንድ ውስጥ በገባበት በዚያው ዓመት መሆኑ ነው። የጎደለው ሕግ አይደለም። የጎደለው ከእማማ አፍ እስከ መርማሪው ኮምፒውተር ያለው መንገድ ነው።

ያ መንገድ ደግሞ የግድ የመንግሥት ብቻ አይደለም። የምግብ ሳይንስ የምትማሩ ጓደኞቻችን፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ርእስ ስትመርጡ የሰፈራችሁን ጠላ ጠማቂ አስታውሱ። ኢንጂነሪንግ የምትማሩ፣ የአያታችሁን ጎተራ ለኩት፤ አየር እንዴት እንደሚገባው፣ እርጥበት እንዴት እንደሚወጣው ጻፉት። ቀን ጻፉበት፤ ቦታ ጻፉበት፤ ሰው ፈልጎ የሚያገኘው ቦታ አስቀምጡት። ቀን ያለው አንድ ገጽ ጽሑፍ ከአንድ ሺህ የፌስቡክ ስድብ ይልቅ ፓተንት ይጥላል።

እኛም ከራሳችን እንጀምር ብለን ባለፈው ቅዳሜ እማማ ዘንድ ተመለስን። ደብተርና እስክሪብቶ ይዘን። «አሁን ደግሞ ምን መጣ?» አሉን እየሳቁ። ከክምሩ ጀምረው እንዲነግሩን ጠየቅናቸው። ጀመሩልን። አንዳችን ጻፈ፤ ሌላችን ቀኑን ከላይ አሰፈረ። ገና አብሲት ላይ ሳንደርስ ደብተሩ ሰባት ገጽ ሞላ።